ከጭነቱ አጠገብ «ቁም!» የሚል ሰው ይኑረን

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገራችን ተረት። ተረቱ ለባልትና ሴት የተነገረ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን በሸዋ ሮቢት ከማሾ መጋዘኖች ደጃፍ በማለዳ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ ለእኛ ለነጋዴዎች የተነገረ ሆኖ ያገኘዋል። ካሚዮኑ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ሾፌሩ ፀሐይ ሳትበረታ ዳገቱን ልውጣ ይላል። ጫኞቹ የሚከፈላቸው በኩንታል ስለ ሆነ ይሮጣሉ። ባለ ዕቃው ስልክ በጆሮው ይዞ የአዲስ አበባን ዋጋ ይጠይቃል። በዚህ ሁሉ ውካታ መካከል እህሉ በሚገባ ደርቋል ወይ፣ የመኪናው ወለል ንጹሕ ነው ወይ፣ ሸራው አልተቀደደም ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይገኝም። ቢገኝም እንኳ «ቁም!» ለማለት ሥልጣን የለውም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አጭር ነው። በይፋት ቆላ የምንነግድ ሰዎች ከጭነታችን አጠገብ የሚቆም፣ ጉድለት ባየ ጊዜ ጭነቱን ለማስቆም ሥልጣን ያለው፣ ደመወዙም በችኮላው ከሚጠቀም ሰው እጅ የማይወጣ ተቆጣጣሪ ያስፈልገናል። ይህን የምለው ለላኪዎች ብቻ አይደለም። ለአስመጪውም፣ በሮቢት፣ በአጣዬና በሰንበቴ ሱቅ ከፍቶ ለሚነግደውም ጭምር ነው።

አሳቡን ያመጣብኝ በራሴ ላይ የደረሰ ጉዳት ስለ ሆነ አስቀድሜ እርሱን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማሾ ሰብስቤ፣ አስበጥሬና አስለቅሜ ወደ ውጭ አገር ላክሁ። ጆንያዎቹ ከሮቢት በካሚዮን ሄዱ፤ ወደብ ሲደርሱም ወደ ኮንቴይነር ተገለበጡ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ከገዢው ደብዳቤ ደረሰኝ። በኮንቴይነሩ ጣራ ሥር የነበሩት ጆንያዎች ሻግተውና ተጋግረው መገኘታቸውን ገልጦ ከዋጋው ቀነሰብኝ። እኔም ተጠያቂውን ፍለጋ ተነሣሁ። ባለ መኪናው ንጹሕ ወረቀት አሳየኝ። ዕቃ አስተላላፊውም ንጹሕ ወረቀት አሳየኝ። የመርከቡ ወኪልም እንዲሁ። በየወረቀቱ ላይ «ዕቃው በደኅና ሁኔታ ተጭኗል» የሚል ቃልና ፊርማ ነበረበት። ወደ ኋላ እየተመለስሁ ስመረምር የመጀመሪያው ፊርማ የማን ሆኖ ተገኘ? የእኔው የራሴ። ጭነቱ ገና ሳያልቅ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ በጠረጴዛዬ ላይ የፈረምሁት ነበር። ርጥበቱ ከመጋዘኔ ይነሣ፣ ከመንገዱ ጉም ይግባ፣ ወይም ከኮንቴይነሩ ጣራ ቀዳዳ ይምጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያየ ሰው አልነበረምና።

ሁኔታውን ላላስተዋለው ሰው ግልጽ ላድርገው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሞቃት ቆላ ናት። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው 225 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በደብረ ሲና ሽቅብ ወጥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ጣርማ በርን ያቋርጣል። በቆላው ሙቀት የተጫነ እህል በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደጋው ብርድና ጉም ውስጥ ይገባል። ከዚያም ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ በጅቡቲ የባሕር ወበቅ ውስጥ ይቆማል። እህል ሕይወት ያለው ነገር ነውና በሙቀት ጊዜ ርጥበቱን ይተነፍሳል። ሌሊት የኮንቴይነሩ የብረት ጣራ ሲቀዘቅዝ ያ ትንፋሽ ውሃ ሆኖ በላይኛዎቹ ጆንያዎች ላይ ይንጠባጠባል። የመርከብ ሰዎች ይህን «የኮንቴይነር ላብ» ይሉታል።

መድኃኒቱ ግን የተሰወረ አይደለም። እህሉ በደንብ ሳይደርቅ አይጫንም። የኮንቴይነሩ ግድግዳና ጣራ በወፍራም ወረቀት ይለበጣል፤ ርጥበት የሚመጥ ከረጢትም ይንጠለጠልበታል። ጆንያው ከብረቱ ጋራ እንዳይነካካ ይደረጋል። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ አንድ ሰው ወደ ባዶው ኮንቴይነር ገብቶ በሩ ይዘጋበታል። በጨለማው ውስጥ የብርሃን ጭላንጭል ካየ፣ ብርሃን በገባበት ዝናብም ይገባልና ኮንቴይነሩ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ አምስት ደቂቃና አንድ ሐቀኛ ሰው ይበቃል። እኔ ባጣሁት ገንዘብ ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ሰው ማሠራት እችል እንደ ነበር ሳስበው ይቆጨኛል።

ይህን እያሰላሰልሁ ሳለሁ በሌላው ዓለም በባሕር ላይ የሚተከሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በወደብ እንዴት እንደሚጫኑ የሚገልጥ ጽሑፍ አነበብሁ። የይፋት ነጋዴና የባሕር ነፋስ ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ነገሩ ላገራችንም እንግዳ አይደለም። አዳማ አጠገብ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 34 ተርባይኖች፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 102 ተርባይኖች ሥራ ጀምረዋል። መቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ 84 ተርባይኖች ያሉት የ120 ሜጋ ዋት ጣቢያ በ2006 ዓ.ም. ተመርቋል። ባሕር በሌላት አገር የተተከሉ ቢሆኑም ዋና ዋና ክፍሎቻቸው በመርከብ መጥተው በጅቡቲ ወደብ የወረዱና ከዚያ በካሚዮን ተጭነው ያንኑ የእኛን መንገድ የወጡ ናቸው። የአዳማው ተርባይን አንዱ ክንፍ ብቻ ከ35 ሜትር ይረዝማል። እንዲህ ያለ ዕቃ ከመርከብ ወደ ካሚዮን ሲገለበጥ ቢሰነጠቅ፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ኮረብታው ላይ ከወጣ በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ማን ሰበረው?» የሚለው ጥያቄ እንደ እኔ ማሾ መልስ አጥቶ ይቀራል።

በባሕር ላይ የሚተከለው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህ ሥራ የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በዴንማርክ፣ ቪንደቢ በተባለ ሥፍራ፣ በ11 ተርባይኖች ነበር። ዛሬ አንዱ ክንፍ ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝምበት ጊዜ ደርሷል። እንደ ዴንማርኩ ኤስቢየርግ ባሉ ወደቦች ማማው፣ የሞተሩ ቤትና ክንፎቹ በሰፊ ሜዳ ላይ ይደረደራሉ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀችው መርከብ ከወደቡ ዳር ደርሳ ረጃጅም የብረት እግሮቿን ወደ ባሕሩ ወለል ታወርዳለች፤ በማዕበል እንዳትወዛወዝም ራሷን ከውሃው ከፍ አድርጋ ትቆማለች። ከዚያ ጭነቱ በክሬን አንድ በአንድ ይወጣል። የመርከቢቱ የአንድ ቀን ኪራይ ከባድ ሀብት ነው። ስለዚህ ሁሉም ይቸኩላል፤ ባለ መርከቡም፣ ተቋራጩም፣ ባለ ሀብቱም።

ሆኖም በዚያ ሁሉ ችኮላ መካከል ነፋሱ ከተወሰነው ፍጥነት ካለፈ ክንፍ አይነሣም። ለክንፍ የሚሰጠው ልክ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ10 እስከ 12 ሜትር ገደማ ነው። የሚነሣበት ገመድና ማንጠልጠያ የምርመራ ወረቀቱ ሳይታይ አይታሠርም። ዕቃው በመርከቢቱ ላይ የተጠፈረበት ብረት በብየዳው ሳይቀር ይመረመራል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እንኳ መርከቢቱ አትነሣም፤ አንድ ሰው ገና አልፈረመምና። ይህ ሰው የጭነቱን አደራረግና የአየሩን ትንበያ በዓይኑ አይቶ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ተቆጣጣሪ ነው። እርሱ ሳይፈርም መርከቢቱ ብትነሣና አደጋ ቢደርስ የመድን ዋስትናው ሊፈርስ ይችላል።

እጅግ ያስደነቀኝ ግን የዚህ ሰው አቀጣጠር ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ባለ ሀብቱ ነው። ሰውየውን የሚያጸድቀው፣ ፊርማውንም የሚጠብቀው ግን መድን ሰጪው ነው። ስለዚህ ከፋዩ ራሱ «ዝም በልና ፈርም» ሊለው አይችልም። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ በዚህ ላይ ነው። ያን ያህል ሚሊዮን በሚወጣበት ሥራ የተማሩት ሰዎች ያስተዋሉት፣ የሚቸኩል ሰው የራሱን ችኮላ ሊቆጣጠር እንደማይችል ነው። ጠላታችን ሌባው ወይም ሰነፉ ጫኝ ብቻ አይደለም። ከሁሉ አብልጦ የሚቸኩለው ባለ ዕቃው ራሱ ነው። የባንኩ የሌተር ኦፍ ክሬዲት ቀን ሊያልፍበት ነው፤ ዋጋው ሊወርድበት ነው፤ መርከቡ ሊያመልጠው ነው። እኔም የዚያን ዕለት «ይበቃል፣ ዝጉት!» ብዬ የጮኽሁት እኔው ነበርሁ።

ይህ ከባሕር ማዶ የተገኘ ጥበብ ነው ብለን እንደ ብርቅ ልናየው አይገባም። ይፋት የጥንት የንግድ በር ነው። ከአንኮበር ሥር የነበረችው የአልዩ አምባ ገበያ በ19ኛው መቶ ዓመት ከታጁራ ወደብ የሚመጣው የግመል ቅፍለት የሚደርስባት፣ ጨውና ቡና የሚለዋወጥባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግም የነጋዴዎች ራስ ማለት ነው። ሽማግሌዎቻችን እንደሚነግሩን፣ ቅፍለቱን የሚመራ ሰው ጭነቱ ያጋደለበትን ግመል ካየ ጓዙን ሁሉ ያስቆም ነበር። ባለ ግመሉ ባለጠጋ ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን፣ በረሓው ለማንም አያዳላምና ጭነቱ ተፈትቶ እንደገና ይጫናል። አንድ ግመል ሲወድቅ የሚጐዳው ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን መንገደኛው ሁሉ ነውና። ዛሬ ካሚዮኑ ግመልን ሲተካ ግመሉን ብቻ ሳይሆን «ቁም!» ባዩንም አብረን አሰናበትን።

አሁን ደግሞ ወደ ወረቀቱ እንመለስ፤ ነጋዴ በወረቀት ይኖራልና። ቢል ኦፍ ሌዲንግ በሚባለው የመርከብ ጭነት ደረሰኝ ላይ፣ ታሽጎ ለቀረበ ኮንቴይነር፣ ብዙ ጊዜ «ላኪው ጫነ፣ ቆጠረ፣ አሸገ» የሚል ትርጕም ያለው ቃል ይጻፍበታል። ይህ ትንሽ ቃል ትልቅ ሸክም ነው። ባለ መርከቡ «በውስጡ ያለውን አላየሁም፤ ስለዚህ አልመሰክርም» ማለቱ ነው። ከሰኔ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት መሠረት፣ ላኪው የተጫነውን ኮንቴይነር የተረጋገጠ ክብደት ሳያስታውቅ ኮንቴይነሩ መርከብ ላይ ሊወጣ አይገባውም። የመድን ውልም ቢሆን ሁሉን አይሸፍንም። ባለ ዕቃው ራሱ በጫነው የማይረባ ኮንቴይነር ወይም በአስተሻሸጉ ጉድለት ምክንያት የደረሰውን ጥፋት በተለመዱት የመድን ደንቦች መሠረት አይከፍልም። በአጭሩ ሕጉም፣ መርከቡም፣ መድኑም አንድ ቃል ይነግሩናል፦ «ሲጫን የት ነበርህ?»

ስለዚህ ለምክር ቤታችን አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ምክር ቤቱ በሸዋ ሮቢት ጥቂት የጭነት ተቆጣጣሪዎችን መርጦ በመዝገብ ያስፍር። ሚዛን የሚያውቁ፣ እህል የሚለዩ፣ በሐቀኝነታቸው የተመሰከረላቸው ይሁኑ። ጡረታ የወጡ የመጋዘን ሹማምንትና ሥራ የሚፈልጉ የተማሩ ልጆች አሉን።

ሁለተኛ፣ ክፍያው በአንድ መኪና ጭነት ተተምኖ አስቀድሞ ለምክር ቤቱ ሣጥን ይግባ። ከነጋዴው እጅ ወደ ተቆጣጣሪው እጅ ምንም አይተላለፍ። ቢያሳልፍም ቢያስቆምም ክፍያው አንድ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ተቆጣጣሪው የሚሞላው አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር። ክብደቱ፣ ድርቀቱ፣ የመኪናው ወይም የኮንቴይነሩ ንጽሕናና ቀዳዳ፣ የሸራው ሁኔታ፣ የእሽጉ ቁጥር ይጻፍበት። ሰዓቱ ተጠቅሶ ባለ ዕቃውና ሾፌሩም ይፈርሙበት። ዕቃው ወደብ ደርሶ ሲገለበጥ በዚያ ያለው ወኪል ይህንኑ ወረቀት እንደገና ይሙላ። ያን ጊዜ ጉዳቱ የት እንደ ደረሰ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ይታወቃል።

አራተኛ፣ ተቆጣጣሪው «ቁም!» ካለ ጉድለቱ ሳይታረም ማንም አያስጭን። ባለ ዕቃው ቅር ካለው፣ በዚያው ቀን ከምክር ቤቱ ሁለት ነጋዴዎች መጥተው አይተው ይፍረዱ። የይፋት ሽምግልና ከዚህ የከበደ ነገር ይፈታልና ይህ አያቅተውም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ወጪ ታበዛብናለህ» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፤ ዐሥር ኩንታል ብቻ ለሚልክ ሰው ለብቻው ይከብደዋል። ክፍያው በመኪና እንዲሆን ያልሁትም ስለዚህ ነው። በአንድ ካሚዮን የሚጭኑ ብዙዎች ተካፍለው ቢከፍሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። «ባለ መኪናው አይጠብቀንም» የሚልም አለ። ባለ መኪናው የማይጠብቀው አንዱን ብቻ ለይቶ ሲጠበቅበት ነው፤ ከሮቢት የሚነሣው ጭነት ሁሉ የሚመረመር ከሆነ ግን ልማድ ሆኖ ይለመዳል። «ዕቃ አስተላላፊ አለኝ» ለሚለውም፣ አስተላላፊ ዋና ሥራው ወረቀትን ማስተላለፍ መሆኑን አስታውሰዋለሁ። ጆንያውን በእጁ እንዲዳስስ አልቀጠርነውም፤ የሚመሰገነውም ዕቃው ቶሎ ሲያልፍ ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ «ተቆጣጣሪውስ ጉቦ ቢበላ?» የሚለው ነው። ይህን ፍራቻ አላቃልለውም። ሰው ሰው ነውና ፈጽሞ አይሆንም ብዬ አልምልም። ነገር ግን ስሙ በየወረቀቱ ላይ የተጻፈ፣ የትኛውን መኪና እንደሚያይ ራሱ የማይመርጥ፣ ፊርማውም ከወደቡ ወረቀትና ከገዢው ደብዳቤ ጋራ የሚመሳከር ሰው ውሸቱን ብዙ ጊዜ ሊደግም አይችልም። ዛሬ ግን የሚመሳከር ነገር ስለሌለ ሐቀኛውም አባዩም እኩል ሆነው ይኖራሉ።

የጠፋብን ገንዘብ ሁሉ በአጫጫን ጉድለት የመጣ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። መንገድ ይዘጋል፤ ዝናብ ያለ ጊዜው ይወርዳል፤ ዋጋ ይወድቃል። እነዚህን ልናስቆማቸው አንችልም። ጭነቱን ግን እናስቆመዋለን፤ በደጃችን ነውና።

አስመጪዎችና ባለሱቆችም ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። ጭነት ማራገፍ ጭነትን መገልበጥ ነውና የሚያየው ዓይን ያው ነው። ዕቃችሁ ከሞጆ ወይም ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሲወጣ የእሽጉን ቁጥር ከወረቀቱ ጋራ ሳታመሳክሩ አትክፈቱ። የተሰበረ መስተዋት፣ የረጠበ ስኳር፣ የጐደለ ካርቶን ካያችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ያያችሁትን በርክክቡ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በስልካችሁም ፎቶግራፍ አንሡ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. የወጣው የሔግ የባሕር ጭነት ደንብ፣ በግልጥ ለማይታይ ጉዳት ማስታወቂያ የሚሰጥበትን ጊዜ ሦስት ቀን፣ ክስ የሚቀርብበትን ደግሞ አንድ ዓመት አድርጎ ወስኗል። ሦስት ቀን ለሐዘን እንጂ ለስንፍና አይበቃም። በዝምታ የተፈረመ ወረቀት በባለቤቱ ላይ ይመሰክራል።

ማሾ በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበዩት ምርቶች ጋራ ከተቈጠረ ወዲህ የይፋትን ቆላ ስም የሚያውቁ ገዢዎች በሕንድና በሌሎችም የእስያ አገሮች ተገኝተዋል። ይህን ስም ያተረፈልን ገበሬው በፀሐይ ተቃጥሎ ነው። እርሱ በየጓሮው ያደረቀውን እኛ በአንድ ጧት ችኮላ ብናበላሸው፣ ዋጋው የሚቀንሰው በአንድ ነጋዴ ላይ ብቻ አይደለም። ገዢው የሚመጣውን ዓመት ዋጋ ሲቈርጥ የሻገተው ጆንያ የማን እንደ ነበር አያስታውስም፤ የመጣበትን አገር ግን ያስታውሳል። ያን ቅናሽ የሚከፍለው ከቀወትና ከኤፍራታ ገበሬ ጀምሮ ሁላችንም ነን።

እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ ጭነቴ ሳያልቅ አልፈርምም። ነገር ግን የራሴን ችኮላ ስለማውቀው ራሴን አላምነውም። ምክር ቤቱ የጭነት ተቆጣጣሪዎች መዝገብ በከፈተ ዕለት የመጀመሪያውን ክፍያ የማስገባው፣ «ቁም!» ሲባልም የመጀመሪያው የምቆመው እኔ እንድሆን ቃል እገባለሁ።

ከአንድ የሸዋ ሮቢት የማሾ ነጋዴ